ሽንኩርት ሳይቀምስ ተራራ አይወጣም

ቢላ ገዝተዋል። ከፋብሪካ የወጣ፣ ሺህ መንትያ ያለው ቢላ አይደለም፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ትንሽ ወፈር የሚል፣ በእሳትና በክንድ የተሠራ ቢላ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። ጥምቀትን ጎንደር ውለው፣ በማግሥቱ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ስሜን ተራሮች ሊወጡ ከባልንጀሮችዎ ጋር ቀን ቆርጠዋል። ድንኳኑ ተገኝቷል። ጫማው ከሰፈሩ ዳገት ጋር ተዋውቋል። ሳንባዎም እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጥቶ በሰላም ተመልሷል። ያልተፈተነ ቢኖር ቢላው ብቻ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እስቲ ያስቡት፦ ጊች፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ፀሐይ ገብታለች፣ ጣትዎ በብርድ ደንዝዟል፣ ባልንጀሮችዎ በተራበ ዓይን ከበው ያዩዎታል። እርስዎ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ስለ ቢላው ሲያወሩ የመጡ ሰው ነዎት። ድንቹን ይዘው አንዴ ጫን ሲሉት እጀታው እጅዎ ላይ ይቀራል፣ ብረቱ ድንቹ ውስጥ ይቀራል። ከዚያች ሌሊት በኋላ የሚጠሩበትን ስም የሚያወጡልዎት ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ ምክሬን ይስሙ። ሁሉንም ሞክሬ ነው የምናገረው፤ እማኞቼ ሁለቱ የግራ እጄ ጣቶች ናቸው።

ፈተናው የሚጀምረው ገንዘቡ ከኪስዎ ሳይወጣ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሂዱ። ከየሰፈሩ «ቆራሌው!» እየተባለ የተለቀመ ብረት ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራው እዚያ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪናው ባሌስትራ መጥረቢያና ቢላ ይሆናል። መዶሻው ከአራቱም ማዕዘን ስለሚደልቅ ዋጋ ለመከራከር መጮህ ግድ ነው። ጮሆ ዋጋ ያስቀነሰ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ሠሪው ቢላውን ሲያሳይዎት መጀመሪያ የሚያደርገውን ልንገርዎት። ግራ ክንዱን ዘርግቶ ፀጉሩን ላጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ እፍ ይልበታል። እርስዎ ይደነግጣሉ፣ ዋጋውም በዚያችው ቅጽበት ይጨምራል። እባክዎ በዚህ ሰዓት ቢላውን ትተው ክንዱን ይመልከቱ። ለእኔ የሸጡልኝ ጋሼ ግራ ክንዳቸው ከአንጓው እስከ ክርኑ እንደ አውድማ ተጠርጓል፤ ቀኙ ግን ደን ነው። እኔ ስደርስ ከክርን በላይ አዲስ ማሳ መመንጠር ጀምረው ነበር። ይህ የሚነግረን ገበያው ጥሩ መሆኑን ነው። ስለ ቢላው የሚነግረን ዛሬ ጠዋት መሳሉን ብቻ ነው። በደንብ ከተሳለማ የሰርዲን ቆርቆሮም ይላጫል። ጥያቄው ከመቶ ድንች በኋላስ የሚለው ነው።

እናም ይጠይቁ። «ጋሼ፣ ብረቱ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የኤንትሬ ባሌስትራ ነው ወንድሜ። አሰብ ስንቴ የተመላለሰ መሰለህ!»

ከእኔ ይልቅ ሀገር ያየ የጭነት መኪና ብረት ነው ማለት ነው። መልሱ ጥሩ መልስ ነው። የባሌስትራ ብረት ውስጥ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለ፤ ይህችን ታህል ያለው ብረት ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ፌሮ ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይዝም፤ ስለዚህ ውሃ ቢያጠጡትም አይጠጣም። ከፌሮ የተሠራ ቢላ መልኩ ቢላ ነው፣ ጠባዩ ማንኪያ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል፤ ሲጠይቁት ትንሽ ሳል ቢያስቀድሙ ያምርብዎታል። «ውሃ ካጠጡት በኋላ መልሰው አሙቀውታል?»

ጋሼ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ከጠጣ በኋላማ ይበላል እንጂ መልሶ ይሞቃል እንዴ?» ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሳቁብኝ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩን በወግ አስረዱኝ። ብረቱ በወናፍ ተነፍቶ ይግላል። ማግኔት መሳብ የሚተውበት ሙቀት አለ፣ ወደ 770 ዲግሪ ግድም፤ መጥለቅ የሚገባው ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ጋሼ ይህን የሚያውቁት በቴርሞሜትር ሳይሆን በቅላቱ ነው፤ የብረት ሠሪ ቤት የሚጨልመውም ለዚህ ነው፣ ቅላቱ በፀሐይ አይለይም። ከዚያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ይነከራል። ዘይትም ቢሆን ስሙ ያው ውሃ ማጠጣት ነው። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መለስ ብሎ ለዘብ ባለ ሙቀት፣ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ የተወለወለው ገጹ የገለባ መልክ እስኪያወጣ ይሞቃል። ሰማያዊ ካወጣ አልፎበታል፤ ለባሌስትራ ይሆናል፣ ለቢላ ግን ለስላሳ ነው። «እኔ ምጣድ ላይ አሸዋ አድርጌ እንደ ቆሎ ነው የማምሰው» አሉኝ።

ዐፄ ምኒልክ ብረት የሠራውን «ጠይብ» እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱበት ሀገር ነው ያለነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፣ የቀረው «በግማሽ ዋጋ ካልሰጡኝ» ማለቱ ነው። እኔም ብያለሁ። እፍረቱ እስካሁን አለ፤ ቅናሹ ግን አልተገኘም።

ቤት ሲገቡ በሩን ዘግተው ወደ ስውር ምርመራ ይለፉ። ጀበና ሲገዙ በጣትዎ ጥፍር ኳ አድርገው ድምፁን ይሰሙ የለ? የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይታፈናል። ቢላም እንደዚያው ነው፤ ችግሩ እጀታ ከገባለት በኋላ ሁሉም ቢላ ድምፁ መታፈኑ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢላውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ ኳ ኳ ሳደርግ እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝ፤ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው። የተሻለ ዘዴ አለ። ብረቱን በነጭ ጋዝ ያርሱት፣ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ ድርቅ እስኪል ይጥረጉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይንዙበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሰምራል። ድሮ የባቡር ጥገና ቤቶች የባቡርን ብረት የሚመረምሩት በዚሁ ዘዴ ነበር። በቢላው ላይ መስመር ካዩ ይመልሱት። ካላዩ ደግሞ ቢላው ደህና ነው፤ ቀሪው ሥራ ጠመኔውን ከምንጣፍ ማራገፍ ነው።

ቀጥሎ ሞረድ ነው። ስለቱ ጠርዝ ላይ ሞረዱን ቀስ አድርገው ያንሸራቱት። መስተዋት ላይ እንደሚሄድ ሸርተት ካለ ብረቱ ጠንክሯል። ነክሶ ብናኝ ካወጣ ግን ለስላሳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሳሉት ቁጥር ማታ ይደነዝዛል። ሞረዱን ሲጨርሱ ቦታው ይመልሱ። ወደ ሞረዱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሞረድ ግን ብረቱ መጠንከሩን እንጂ ስለቱ ሲጎብጥ መመለሱን አያሳይም። ለዚህ ክብ የናስ ዘንግ ያስፈልጋል፤ ስለቱን ዘንጉ ላይ ትንሽ አጋድመው ጫን ሲሉት ጠርዙ እንደ ጥፍር ገባ ይላል፣ ሲለቁት መመለስ አለበት። ጎብጦ ከቀረ ለስልሷል፣ ከተሸረፈ ደርቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ክብ የናስ ዘንግ ፍለጋ አይንከራተቱ። ተተኪው ቤትዎ ውስጥ አለ፤ የቡና ሙቀጫው ዘነዘና ነው። ስህተቴ የፈተናውን ሰዓት አለመምረጤ ነበር። ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ ተናኝቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ዘነዘናው ጠፋ። እናቴ መኝታ ቤቴ ስትደርስ በመስኮቱ ብርሃን ዘነዘናዋ ላይ ጎንበስ ብዬ በአጉሊ መነፅር እያየሁ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ልጅ?»

«እየፈተንኩት ነው እማዬ።»

«ዘነዘናውን?»

«ቢላውን።»

ቢላውን ተቀበለችኝ። አገላበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ስለቱን በአግድመቱ ነካ ነካ አደረገችው፣ መለሰችልኝ። «ሽንኩርት ስጠው» አለችና ዘነዘናዋን ይዛ ወጣች። ያን ጊዜ ምክሩን ንቄዋለሁ። ሽንኩርት! ሳይንሱ ሳያልቅ!

ሳይንስ የጠማው ሰው ደግሞ ባህር ማዶ ማየቱ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተ የቢላ አንጥረኞች ማኅበር አለ፤ ደረጃ ለመውጣት የሚፈልግ አባል ቢላውን በአራት ነገር ያስፈትናል። አንደኛ፣ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ውፍረቱ እንደ ሞራሌ የሆነ የግንባታ እንጨት ሁለት ቦታ ጨፍጭፎ ይበጥሳል። ሦስተኛ፣ በዚያው ስለት፣ ሳይሳል፣ የክንድ ፀጉር ይላጫል። ልብ ይበሉ፣ እነሱም እንደ ጋሼ ክንድ ይላጫሉ፤ ልዩነቱ ከእንጨቱ በኋላ መሆኑ ነው። አራተኛው፣ ቢላው በሞርሳ ተጠርቅቆ እስከ 90 ዲግሪ ይጎብጣል፤ ለሁለት ከተሰበረ ወድቋል።

ገመዱን እኔ በረንዳ ላይ አንጠለጠልኩት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የቃጫ ገመድ ሲወዛወዝ ለመምታት ዓይንና እጅ መስማማት አለባቸው፤ የእኔዎቹ ከልጅነቴ ጀምሮ አልተስማሙም። ቢላው ገመዱን ሳተና የጎረቤታችንን የልብስ ማስጫ ሲባጎ አገኘ። በአንድ ምት ነው የተቆረጠው፤ ማኅበሩ ቢያይ ነጥብ ይሰጠኝ ነበር። ሦስት ነጠላና አንድ የሕፃን ፍራሽ ልብስ ወደ ግቢው ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ወረድኩ፣ ለይቅርታ።

ሞራሌውን ለመጨፍጨፍ ሰው የሌለበትን ሰዓት መረጥኩ፣ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። ሦስተኛው ምት ላይ የግቢው ጥበቃ ደረሰ። «ወንድሜ፣ ግድግዳ ለማፍረስ ፈቃድ አለህ?» አለኝ። ቢላዬን አሳየሁት። ቢላ የያዘ ሰው በር ሲከፍትለት ጥበቃው ምን ሊሰማው እንደሚችል ያሰብኩት በኋላ ነው። ለነገሩ ይህ ፈተና ለስሜን ተጓዥ ከንቱ ነው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። እዚያ የሚቆርጡት ድንች፣ ዳቦ፣ ሽንኩርትና የድንኳን ገመድ ነው። ቢላዎን ዛፍ ላይ ወርውረው መሰካት የሚፈልጉ ከሆነም ፊልም አይተዋል ማለት ነው፤ ጫፉ ሲሰበር ያስታውሱኛል።

አራተኛውን፣ የሞርሳውን፣ አይሞክሩት። አሜሪካኖቹ ሲያደርጉት አያሳሳትዎ። 90 ዲግሪ የጎበጠ ቢላ ፈተናውን ያልፋል፣ ዳግመኛ ግን ቢላ አይሆንም። ለዚህም ነው ተፈታኞቹ ለዳኞች ውበት ምዘና 5 ሌሎች ቢላዎች ለብቻ የሚያቀርቡት። ይህችኛይቱ የምትመጣው ለመሞት ነው።

እውነቱን ልንገርዎትና ቢላ ከስለቱ ይልቅ የሚከዳው እጀታው ሥር ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባ ጭራ አለው። ጭራው የትንሽ ጣት ግማሽ ታህል ከሆነና በሙጫ ብቻ ከተያዘ፣ ከላይ የሚያምረው ቀንድ መቃብር ነው። ዳር እስከ ዳር ዘልቆ በብረት ችንካር የተመታ ከሆነ ያምኑታል። ሌላው ውሃ ነው። አንድ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ያሳድሩት፣ በማግሥቱ ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ከዚያ ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ የላላ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይነቃነቃል። ስለቱን ግን ከባልዲው እንዳወጡት ማድረቅዎን አይርሱ። ካርቦን ያለው ብረት አንድ ሌሊት በቂው ነው፤ ጠዋት ሲያዩት ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል። ድርቅ አድርጎ ጠርጎ ቫዝሊን ሳስ አድርጎ መቀባት ነው መድኃኒቱ።

ከዚያ የሚያዳልጥ እጅ ይሞከራል። ቢላውን ከሰገባው ሳያወጡ፣ ደግሜ እላለሁ ሳያወጡ፣ እጅዎን ቅባት ቀብተው እጀታውን ይጨብጡ፤ ሌላ ሰው ሰገባውን ይዞ ይጎትት። እጅዎ ወደ ስለቱ በኩል ከተንሸራተተ፣ እጀታው ፊት ለፊት የሚያቆም ጉብታ የለውም ማለት ነው። ለዚህ ፈተና የሚመረጠው ቅቤ ነው። እኔ ግን ቢላውን የገዛሁት ኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም መሐል ስለነበር እናቴ ማጀት ውስጥ በቅቤ እጅ መግባት የማይታሰብ ሆነ። ዘይት ልጠቀም ስል ደግሞ «የዘይትን ዋጋ የምታውቀው ከሆነ እጅህን አትቀባበትም» ተባልኩ። በሳሙና ሞከርኩት። አለፈ።

ስለ ሰገባ ብዙ አልልም። ዘቅዝቀው አልጋ ላይ ያራግፉት፤ ከወደቀ ሰገባ አይደለም፣ ከረጢት ነው። ስፌቱ ከስለቱ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ከሆነ ቢላው ቀስ በቀስ ክሩን ይበላዋል፤ መሐላቸው ተጨማሪ የቆዳ ቅዳጅ መኖር አለበት። ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነም ቢላው የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በእጅ ሻንጣ ፍተሻውን ያለፈ ቢላ የለም።

ይህን ሁሉ ስጨርስ ታኅሣሥ 28 ደረሰ። የገና ዋዜማ ነው። ማጀቱ ወለል ላይ አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተዘርግፏል፣ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ዙሪያውን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የልብስ ማስጫዋ የተቆረጠባት ናት። የቤታችን ሁለት ቢላዎች ዱልዱም ነበሩ። ዱልዱም ቢላ ሽንኩርትን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተጨፈለቀ ሽንኩርት ደግሞ ዓይን የሚያቃጥለውን ነገሩን ሁሉ ይለቃል። ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር።

«እስቲ ያንን ቢላህን አምጣው» አለች እናቴ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በፊት ያነበቡትን ሁሉ ቢረሱ ይህን ይያዙ። እናቴ በመክተፊያ አትጠቀምም። ሽንኩርቱን መዳፏ ላይ ይዛ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሰንጥቃ፣ ከላይ ስትከትፈው ጤፍ የሚያህል እየሆነ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል፤ ስለቱ መዳፏ ላይ ሊደርስ የፀጉር ውፍረት ሲቀረው ይቆማል። አንደኛው ኪሎ አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ላይ ቆም ብላ እጀታውን ተመለከተች። እስትንፋሴን ያዝኩ። «ሆዱ ትንሽ ከበድ ይላል» ብላ ቀጠለች። አምስተኛው ሲያልቅ እንባ ያልነበረው የእሷ ዓይን ብቻ ነበር፣ ስለቱም መጀመሪያ እንደነበረው ነበር። «አይከፋም» አለች። በአርባ ዓመቴ ከእናቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ የዩኒቨርሲቲ ምረቃዬ ላይ ያለችው «ደህና» ነበር።

ዶሮውን ያረድኩት እኔ ነኝ፤ ወንድ ነኝና ግዴታ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት ያወጣችው እሷ ናት። ሳያት ቢላው አጥንት አይነካም፤ አውራ ጣቷ ቀድሞ ይሄድና መገጣጠሚያውን ያገኘዋል፣ ስለቱ ተከትሎ ይገባል፣ ታፋው እንደ ቁልፍ ይከፈታል። ልሞክር ብዬ ሁለተኛውን ዶሮ ተቀበልኩ። ቀኝ ታፋው ላይ ገጭ አለ። እናቴ ቢላውን ነጥቃኝ ወደ አምፖሉ አዞረችው። ደህና ስለት ከፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም፣ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ የለውም። አሁን ግን መሐሉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ብልጭ አለች። «ይኸው፣ እዚህ ጋ አቁስለኸዋል» አለችኝ። ሲኒ አንስታ ደፋችው፤ ቂጡ ላይ ካለው ያልተቀባ ሻካራ ክብ ላይ ስለቱን አምስት ጊዜ ወደ ፊት፣ አምስት ጊዜ ወደ ኋላ አሸች። ብልጭታዋ ጠፋች። እኔ ለዚህ ጉዳይ ከሱቅ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ጋር የማዕዘን መለኪያ፣ ከመለኪያው ጋር መመሪያ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር።

በማግሥቱ ቅርጫ ነበር፤ ይህኛው ፈተና ጨካኝ ነው። የእኛ ሕንፃ ሰዎች በሬውን ግቢው ውስጥ ካለው የጋራ ማረጃ አጠገብ ከጣሉት በኋላ «ቢላ ያለህ!» ሲባል አንድ ሞኝ እጁን አወጣ። ሞኙ እኔ ነበርኩ። ቢላዬ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ከሩቅ ተከታተልኩት። ቆዳ ገፈፈ፣ ይህ ሥራው ነው። ጎድን ለየ፣ ደህና። ከዚያ የቢራ ቆርኪ ከፈተ። የሚዛኑ ማሰሪያ ሲላላ በጫፉ ቡሎን አጠበቁበት፤ እዚህ ሀገር ቢላ ሁሉ በትርፍ ሰዓቱ ካቻቢቴ ነው። አንድ ጎልማሳ ከሰል ሰበረበት። ሌላው ቆሞ ሲያወራ ሲሚንቶው ላይ ጫፉን እያሳረፈ ተደገፈው። አሜሪካኖቹ ይህን አይተው ቢሆን ሞርሳቸውን ይሸጡት ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሕፃን ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከመደባችን ጋር ይዞልኝ መጣ። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ወደ አምፖሉ አዞርኩት። ጫፉ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ከዚያ በተረፈ ስለቱ የማይታይ ነበር። እጀታው አልተነቃነቀም። ክንዴን ላጨሁት፤ ላጨ።

እናም አለፈ። ዓለም ላይ ያለውን ፈተና ሁሉ አልፎ፣ ጥር 9 ማታ ሻንጣዬን ሳሰናዳ ሰገባው ባዶ ነበር።

ቢላው ማጀት ነበር። እናቴ ቃሪያ ትሰነጥቅበታለች።

«እማዬ፣ ነገ መንገደኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስንቅህን እየሠራሁ ነው።»

«ቢላው…»

«ይሄ ለመንገድ አይሆንም» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንዲህ ያለ ቢላ ተራራ ለተራራ ይዞረዋል? ይጠፋል።»

አሜሪካኖቹ የተፈተነውን ቢላ ሞርሳ ላይ ያጡታል፣ እኛ ማጀት ውስጥ። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይኸውልዎት፤ ከጋሼ ሲገዙ ሁለት ይግዙ፣ አንዱን አይፈትኑት።

እኔ በኪሴ ትንሽ ሰንጢ ይዤ ወጣሁ፤ የድንኳን ገመድ ቆረጠችልኝ፣ ሌላ ሥራ አላገኘችም። ድንቹን የላጠው ከደባርቅ የቀጠርነው ወጥ ሠሪ ነው። ቢላው ከመሳል ብዛት ስለቱ ተበልቶ የሁለት ቀን ጨረቃ መስሏል፣ እጀታው በጎማ ገመድ ተጠምጥሟል። እሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ ሳየው አላስቻለኝም።

«ይህን ቢላ ከመያዝህ በፊት ፈትነኸው ነበር?»

«ምኑን ጋሼ?» አለኝ። ድንቹ አልቆ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ወደ ደባርቅ ስንወርድ ስልኬ ኔትወርክ አገኘችና ጮኸች። እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ደነገጥኩ፤ መልሼ ደወልኩ።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንን። ደህና ነህ? በረደህ? እሺ… ያንን ሞረድ ግን የት ነው ያስቀመጥከው?»